ሹሩባ ያለው ብርድ ልብስ

«ፈትላ ጎንጉና የምታለብሰን፣
እጀ ወርቋ ሄደች፣ ብርድ ሊጨርሰን።»

አልቃሿ ይህን ስታወርድ በድንኳኑ የተቀመጠችው ሴት ሁሉ ደረቷን እየመታች ተቀበለቻት። የባንቺዓለም እጅ ግን አየር ላይ እንደ ተነሣ ቀረ። ከቢቸና ድረስ ይዛው የመጣችው ልቅሶ ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ንዴት ሆነ። እጀ ወርቅ፣ አለች በሆዷ። የትናየት እጀ ወርቅ። ወርቁ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ እሷም ታውቅ ነበር፤ እግዜርም ካልረሳው ያውቃል።

«አይዞዎት እትዬ ባንቺዓለም፤ ያልቅሱት ይውጣልዎት» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው በዛብሽ። በዛብሽ የሟቿ የትናየት ባል፣ የአቶ አስናቀው እህት ናት። የትናየት በሕይወት ሳለች አንድ ደግ ቃል ወጥቷት የማያውቅ ሴት፣ ዛሬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከሁሉ ፊት ተደላድላ ለቀስተኛ ትቀበላለች።

«እኔ እንባዬን የማወጣው ሲያሰኘኝ ነው። አንቺ የራስሽን አውጪ፤ ካለሽ» አለቻት ባንቺዓለም።

በዛብሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ተያዩ። ሐዘን ነው፣ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው ብለው አለፏት።

ሐዘንም ነበር። የትናየት ታናሽ እህቷ ናት፤ ከእናታቸው ሆድ የወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የትናየት ሞጣ ከተዳረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ትናንት በማለዳ ቢቸና ለጎረቤት ስልክ ተደውሎ፣ «ታናሽሽ ደክማለችና ድረሽ» ተባለች። ደክማለች ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ባንቺዓለም አልጠፋትም። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ሞጣ ገባ። ስትደርስ ቀባሪው ተመልሶ ደጅ ላይ እጁን ይታጠብ ነበር።

አስናቀውን እዚያው እጁን ሳያደርቅ ያዘችው።

«ከታመመች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሁለት ወር ይሆናታል፣ እትዬ ባንቺዓለም።»

«ሁለት ወር። ሞጣና ቢቸና መሀል ባሕር አለ እንዴ?»

«እንዳትነግሯት ብላ አስምላን ነው። እኔስ ብዙ ጊዜ ልደውል ብዬ...»

«ሠላሳ ዓመት አንድ ቃሏን ሰምተህ አታውቅ፤ ይቺን ሰማሃት?»

አስናቀው አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ለመሆንም የሚበቃ ወኔ የለውም። ባንቺዓለም ትታው ገባች። እንዳትነግሯት። እሺ። ተኳርፈው አራት ዓመታቸው ነው፤ ግን ኩርፊያ እስከ መቃብር የሚዘልቅ አልመሰላትም ነበር። አንድ ቀን የትናየት ራሷ በሩን ገፍታ ትገባለች፣ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ጥቂት አስለምናታለሁ፣ ከዚያ ያልፋል ብላ ነበር የምታስበው። ታናሽየዋ ግን ሳትለምን ሄደች። ቀድማ ሄዳ ረታቻት።

አሁን የቀረው ሰልስቱ ነው። በሰልስት የሟች ልብስ ይወጣል። ቀሚሷ፣ ነጠላዋ፣ የአልጋ ልብሷ በሰው ፊት ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል፤ በልብሱ ላይ አንድ ጊዜ ይለቀስና ለንስሐ አባቷ ለጸሎት ይሰጣል። ያ ብርድ ልብስም ይወጣል። ባንቺዓለም ነገሩን ቆርጣለች። ነገ ብርድ ልብሱ ሲዘረጋ ትነሣለች። ተነሥታም፣ «ይህን የሠራሁት እኔ የወልደ ኪዳን ልጅ ባንቺዓለም ነኝ» ትላለች። ሙት ወቃሽ ቢሏት ይበሏት። ልብሱ አንዴ ከቄሱ ቤት ከገባ በኋላ ማን ይጠይቃታል?

ሹራብ የለመደችው ከአርሲ ተመድባ ቢቸና ጤና ጣቢያ ከመጣች አዋላጅ ነው። መክሊት ትባላለች፤ ከባንቺዓለም ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ከሥራ ስትመለስ በረንዳ ላይ ሁለት ሽቦ ይዛ ክር ታዋጋለች። ባንቺዓለም ሦስት ቀን ከበሩ ቆማ አየቻት፤ አልጠየቀችም። በአራተኛው ቀን ሁለት የወይራ እንጨት ጠርባ፣ ጫፋቸውን በጠርሙስ ስባሪ ፍቃ አሹላ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«መጽሐፉን ላሳይዎት? ሥዕልም አለው» አለቻት መክሊት።

«የኔ መጽሐፍ ጣቴ ነው። አንቺ ቀስ ብለሽ ሥሪ፣ እኔ አያለሁ።»

በዓመቱ መክሊት ራሷ ከባንቺዓለም መማር ጀመረች።

የትናየት ይህን ታውቅ ነበር። አንድ ክረምት ላይ የጮቄ በግ ጠጉር ከሮብ ገበያ አስመጥታ፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አስጭና ቢቸና ወረደች። «ወይንእሸት ልትዳር ነው» አለች። «ለልጄ ሠርግ ብርድ ልብስ ሥሪልኝ። ሞጣ ያላየው ይሁን።»

ባንቺዓለም ሠራችው። ጠጉሩን አጥባ፣ የትናየት አጠገቧ ተቀምጣ እያባዘተች፣ እሷ ወፈር አድርጋ እየፈተለች። ከዚያ ሥራው። ሦስት ዓይን፣ ማለት ሦስት የክር ቀለበት፣ ታነሣና በትንሽ እንጨት ታቆየዋለች፤ ቀጣዮቹን ሦስት ትሠራና የቆዩትን በላይ ታሻግራቸዋለች። እንዲህ እንዲህ ሲል ክሩ ከክሩ ላይ እየተጠመጠመ የተጎነጎነ ሹሩባ መስሎ ይነሣል። በሹሩባና በሹሩባ መሀል እንደ እርሻ ትልም ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ አወጣችበት። ዓይኑ የታወረ ሰው በእጁ ቢዳብሰው ልክ እንደሚያይ ሰው ያየዋል። ሁለት ክረምት ፈጀባት። የትናየት ሁለቱንም ክረምት መጥታ ከእሷ ጋር ከረመች፤ አንድም ዓይን ግን አልሠራችም። አንድ ቀን እንጨቱን ብታስይዛት አምስቱንም ጣቷን በክሩ አስራ ቁጭ አለች፤ ሳቁ እስኪያፍናቸው ሳቁ።

«ምን ላርግ እቴ፤ አባባ ነው እንዲህ ያረገኝ» አለች የትናየት።

እውነቷን ነበር። አባታቸው፣ «አንዷ ፊደል ትቁጠር፣ አንዷ ጥጥ ትፍተል» ብሎ ከፍሏቸዋል። ፊደሉ ለታናሽ፣ እንዝርቱ ለታላቅ ደረሰ። ባንቺዓለም ይህን ለአባቷ እስካሁን ይቅር አላለችውም። ግን ፊደሉም የትናየትን አልጠቀማት፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ተዳረች። ሙሽራዋ አማቷ ቤት ገብታ እንዝርት ብትቀበል አልሽከረከር አላት። አማቷና በዛብሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ «ፊደል ይለበሳል ወይ?» እያሉ በሰው ፊት ይስቁባት ነበር። አማቷ እስኪሞቱ ድረስ። በዛብሽ ደግሞ እስከ ዛሬ ሦስት ቀን ድረስ።

ከሰዓት በኋላ ንፍሮ ሲዞር ከባንቺዓለም ኋላ ያሉት ሴቶች ሹክሹክታ ጀመሩ።

«ያ ብርድ ልብስ ነገ ይወጣ ይሆን?»

«እንዴት አይወጣ። የሴቶች ማኅበር ለበዓል ተውሶ ሰቅሎት የለ። የየጁቤ ሰው ሳይቀር መጥቶ ነው ያየው።»

«እንዲያ ያለ እጅ አፈር በላው።»

ባንቺዓለም ዞረች። «አፈር የበላው ምላሷንም ጭምር ነው። እናንተ ንፍሮውን ብሉ።»

ሴቶቹ ደነገጡ። እህቴ ናት የምትል ሰው እንዴት እንዲህ ትላለች? ባንቺዓለም ግን ያን ምላስ በጆሮዋ ሰምታዋለች።

የወይንእሸት ሠርግ ዕለት ነበር። ብርድ ልብሱ ከሙሽራዋ ዕቃ ሁሉ በላይ ተዘርግቶ፣ ሰው ተሰልፎ ይዳብሰዋል። ባንቺዓለም እንግዳ ቤቱ በር ላይ ጠላ ይዛ ቆማ፣ አሁን ስሜ ይጠራል ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። አማትየው ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ እነ በዛብሽ ከበዋቸው ተቀምጠዋል።

«ይህን ማን ሠራው?» አሉ አሮጊቷ።

የትናየት ትንፋሽ ሳትወስድ፣ «እኔ ነኝ፣ እማማ። ሁለት ክረምት ፈጀብኝ» አለች።

«እውነትሽን ነው? እህትሽ አልሠራችልሽም? የምትፈትለው እሷ አይደለች?»

«ኧረ እሷ ይህን ከየት ታውቅና። ያልተማረች ሰው ናት፤ ይህ እኮ ከመጽሐፍ እየታየ ነው የሚሠራው።»

አሮጊቷ ሠላሳ ዓመት ለምራታቸው ነፍገው የኖሩትን ያን ቀን አወጡት፤ እጇን ይዘው ሳሙት። የትናየት ቀና ስትል ከእህቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ባንቺዓለም ጠላውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። እንጀራ ሳትቆርስ፣ ሙሽራ ሳትመርቅ፣ በመጣችበት እግሯ ቢቸና ገባች። ውሸቱን ይቅር ማለት ይቻል ነበር፤ ሴትዮዋ ከአማቷ ጥርስ ልታመልጥ ዋሸች ይባላል። «ያልተማረች» የሚለው ግን ከወንድ ልጅ ጥፊ ይልቅ ፊቷ ላይ ቀረ። የትናየት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከች። ባንቺዓለም ሁለቱንም ጊዜ ጠላ አጠጥታ መለሰቻቸው። ብርድ ልብሱም ከልጅቱ አልጋ ሳይደርስ እዚያው ከእናትየው አልጋ ላይ እንደ ቀረ ሰማች። ምስጋና ጣፍጧት ነዋ፣ አለች።

በሰልስቱ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷ ቄስ አካለ ወልድ መጡ። ድንኳኑ ሞላ። ልብሱ አንድ በአንድ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ፤ የዓመት በዓል ቀሚሷ፣ ነጠላዋ፣ ያላደረገችው አዲስ ጫማ። በመጨረሻ ወይንእሸት ብርድ ልብሱን በሁለት ክንዷ ታቅፋ መጣችና ከላይ ዘረጋችው። ሰዉ አጉረመረመ። አልቃሿ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቆይ አንዴ» አለች ባንቺዓለም።

ተነሣች። በሁለት ቀን ውስጥ ከተቀመጠችበት ሳትጠራ ስትነሣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ጠበቃት። ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቷል። እያሳየች ልትናገር ጎንበስ ብላ የብርድ ልብሱን የግርጌ ጠርዝ አነሣች።

ጣቷ ከአፏ ቀደመ።

የዳበሰችው የእሷ እጅ ሥራ አይደለም። ከላይ እስከ ታች የእሷ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን እሷ የዘጋችው ጠርዝ ተፈትቶ አንድ ስንዝር የሚሆን ተቀጥሎበታል። ዓይኑ አንዱ እንደ ወንፊት የላላ፣ አንዱ መርፌ የማያስገባ ጥብቅ። ሹሩባው ሁለት ቦታ ሳይሻገር ቀርቶ የሕመምተኛ ራስ መስሎ ተፈትቷል። አንድ ቦታ ላይ ዓይን አምልጦ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ሆኗል። ደሟ ፈላ። ስም መውሰዱ አንሶ ሥራዬን ማን ነካብኝ?

«ይህን ማን ነው የነካው?» አለቻት ወይንእሸትን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጥርሷን ገጥማ።

ልጅቱ ተጠጋቻት። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። «እማዬ ናት፣ እትዬ ባንቺ።»

«የቷ እማዬ? ያቺ እንጨት መያዝ የማታውቅ?»

«ከተጣላችሁ ወዲህ ጀመረች። ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ ትሠራለች፤ ይበላሽባታል፣ ትፈታዋለች። ታማም አልተወችም። ‹አንዲት ስንዝር እንኳ በእጄ ልሥራና ቢቸና ይዤው እሄዳለሁ› ትል ነበር። ‹እቴ አይታ ከሳቀችብኝ ታረቅን ማለት ነው። ካልሳቀችብኝም ሰድባኝ ትታረቀኛለች። ሳልጨርስ ግን እንዳትጠሩብኝ› አለች። ጨርሳ የተኛች ለታ ነው ያረፈችው።»

ባንቺዓለም ስንዝሯን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። ንዴቷ ግን አልወረደም፤ መሄጃ ቢያጣ ደረቷ ውስጥ ይዞር ጀመር። አንቺ ሞኝ፣ አለች በሆዷ። አንቺ የሞኝ ሞኝ። ባዶ እጅሽን ብትመጪ ምን ነበረበት?

«ምን ሆነ? አሳዩን እስቲ» አለች በዛብሽ። ተነሥታ መጥታ ከባንቺዓለም እጅ ሥር አንገቷን አስገባች። አየችው። ደግማ አየችው። ሁለት ቀን በነጠላ ተሸፍኖ የቆየው አፏ ተገለጠ።

«እናንተ፣ እዩልኝማ። ይህ የላይኛውና ይህ የታችኛው የአንድ ሰው እጅ ነው ትላላችሁ? እኔ እኮ ያኔውኑ ለእማማ ነግሬያቸው ነበር፤ ይህን ሰው አሠርታ ነው እንጂ የትናየት ከየት አምጥታው ብዬ። የእሷ እጅ እንግዲህ ይቺ ናት።» ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን አስገብታ አሳየች። «ፈጣሪ እንዲህ ነው፤ ቆይቶ ያወጣዋል።»

አስናቀው ከወንዶቹ መሀል ቀና ብሎ መልሶ አቀረቀረ። ወይንእሸት ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

ባንቺዓለም አራት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ይኸው ከፊቷ ቀርቧል፤ ያውም እሷ ሳትናገር፣ በሌላ ሰው አፍ። «አዎ» ብትል ይበቃል። ሞጣ ሁሉ ዛሬውኑ ያውቃል፤ ነገ የገበያ ሰው ይዞት ቢቸና ይደርሳል። በዛብሽን አየቻት። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ አየችው፤ ሠላሳ ዓመት የትናየት በየጠዋቱ የምታየው ፊት ይህ ነበር።

«የኔ ናት» አለች።

«የቱ?» አለች በዛብሽ።

«ይቺ የተበላሸችዋ። እሷማ ድሮ ነው ጨርሳ የዘጋችው። እኔ ነኝ አጥሯል ላስረዝምልሽ ብዬ ፈትቼ ያበላሸሁባት።»

«እንዴ፣ አራት ዓመት ተኳርፋችሁ አልነበረም ወይ?»

«ስንኳረፍ አንቺ መሀላችን ነበርሽ?»

«እኔማ ሰው የሚለውን ነው... እርስዎ ደግሞ ሹራብ ያውቃሉ እንዴ?»

«አላውቅም» አለች ባንቺዓለም። «እሱን አይደል የምታይው።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቅ አምልጧት በነጠላዋ አፈነችው። በዛብሽ ጣቷን ከቀዳዳው አወጣች። ቄስ አካለ ወልድ ቀና ብለው ባንቺዓለምን አዩዋት። የንስሐ አባት የሚያውቀውን ያውቃል። መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ።

አልቃሿ ግራ ገብቷት ወደ አስናቀው አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ሙሾዋን ጀመረች። «እጀ ወርቋ» አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ባንቺዓለምም ሰማችው፤ አልመታትም ማለት አይደለም፤ መታት። ግን ቁጭ አለች፤ ብርድ ልብሱን አልለቀቀችም፤ ጠርዙ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

ልቅሶው ሲያበቃ ቄሱ ልብሱን ሊቀበሉ ተነሡ። በዛብሽ ቀሚሱንና ነጠላውን አጥፋ፣ «እትዬ፣ ይታጠፍ እንጂ፤ አባ ቆመዋል» አለች።

«ይቁሙ» አለች ባንቺዓለም።

ከተበላሸችው ስንዝር ጥግ ላይ አውራ ጣት የምታህል የክር ጫፍ ተንጠልጥላለች። የትናየት ዘግታ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጥሳ እንዲሁ ተወችው፤ ጫፍ እንደሚደበቅ የነገራት ሰው የለም። ባንቺዓለም ጫፏን በምራቋ አርጥባ አሾለቻት። በጥፍሯ አንዱን ዓይን ከፈት አድርጋ በሥሩ አሾለከቻት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ አይታያትም፤ ጣቷ ግን መንገዱን ያውቃል።

ቄስ አካለ ወልድ ክሯ ጠፍታ እስክታልቅ ድረስ ቆመው ጠበቋት።